ዝናቡ በየትኛው መደርደሪያ ነው?

«ጋሼ፣ ስለ ዝናብ የተጻፈ ብራና የት አገኛለሁ?»

«ስለ ዝናብ ተብሎ የተጻፈ አላውቅም። ስለ ዝናብ የሚናገር ግን አይጠፋም፤ ጭንቁ እሱን ፈልጎ ማግኘቱ ነው።»

ጠያቂዋ በሚኒሶታ የሐይቅ ደለል የምታጠና የዶክትሬት ተማሪ ናት። መልስ ሰጪው የእናቷ ወንድም ናቸው፤ በልጅነታቸው ጎጃም ውስጥ ቅኔ ቆጥረዋል፣ አሜሪካ ከገቡ በኋላ ደግሞ ጡረታ እስኪወጡ ድረስ የቤተ መጻሕፍት ካታሎግ ሲያዘጋጁ ኖረዋል። የሚነጋገሩት በሜፕልዉድ፣ በሽማግሌው ቤት ነው። በጨዋታቸው የሚነሡት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአቆጣጠሩ ነገር ራሱ ግን ኋላ ማነጋገሩ አልቀረም።

ለእንዲህ ያለ ጥያቄ ከሚኒሶታ የተሻለ ቦታ ማግኘት ይከብዳል። ሚኒያፖሊስ ውስጥ በሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ፣ ከብዙ አገር ሐይቆች ወለል ተቆፍሮ የወጣ ደለል ቁጥር ተሰጥቶት በቀዝቃዛ መጋዘን ይጠበቃል። በ2014 በደቡብ ኢትዮጵያ ከጨው ባሕር 280 ሜትር ያህል ወደ ታች ተቆፍሮ የወጣው ደለልም የመጣው ወደዚሁ ነው፤ ወደ 600,000 ዓመት የሚጠጋ የዝናብና የድርቅ ታሪክ ይነበብበታል። ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ምዕራብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲነዳ ደግሞ ኮሌጅቪል ይደረሳል። በዚያ በቅዱስ ዮሐንስ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የሚገኘው የሂል ሙዚየምና የብራና ቤተ መጻሕፍት፣ ከ1973 ጀምሮ ኢትዮጵያ ውስጥ በማይክሮፊልም የተነሡ የ9,000 ገደማ ብራናዎች ቅጂ ይዟል። የአንድ አገር ጭቃና የአንድ አገር ብራና በአንድ ክፍለ ሀገር ተቀምጠዋል። የጭቃው አጥኚዎች ስለ ብራናው፣ የብራናው አጥኚዎችም ስለ ጭቃው ብዙም አይጠያየቁም።

«ለመሆኑ ደለሉ ምን ይነግርሻል?» አሏት።

«ዝናብ ሲጠፋ የሐይቁ ውኃ በትነት ይቀንሳል፤ በቀረው ውኃ ውስጥ ከባዱ የኦክስጅን ዓይነት ይበዛል። ያ ደግሞ ከውኃው በሚዘቅጠው ኖራ ውስጥ ተይዞ ይቀራል። በወሎው ሐይቅ፣ በሐይቅ እስጢፋኖስ፣ በዚህ መንገድ የ2,000 ዓመት የአየር ጠባይ ተጠንቷል። ግን ጋሼ፣ ደለል ቀን አይጽፍም። ‹በዚህ መቶ ዓመት ውስጥ ደርቆ ነበር› ይለኛል እንጂ፣ በማን ዘመነ መንግሥት፣ በየትኛው ክረምት፣ ሰዉና ከብቱስ ምን ሆነ ብል አይመልስልኝም።»

«ያንን ጠይቂ ብባል የምጠይቀው እዚያው ውኃው አጠገብ ያለውን ገዳም ነው» አሉ። «አባ ኢየሱስ ሞዓ ለደብረ ሐይቅ የሰጡት ወንጌል አለ፤ የ1280 ወይም የ1281 ነው። በማይክሮፊልሙ ዝርዝር ቁጥሩ 1832 ነው። ዋናው ጽሑፍ ወንጌል ነው፤ በባዶዎቹ ገጾች ላይ ግን የገዳሙ ንብረትና የመጻሕፍቱ ዝርዝር ሰፍሯል። ወንጌል ላይ የተጻፈ አይፋቅም፤ የሚደፍረው የለም። ስለዚህ አባቶች ርስቱንም፣ ስጦታውንም፣ ውሉንም፣ ሊረሳ የማይገባውን ሁሉ እዚያ አስቀመጡት። የገዳሙ መዝገብ ቤት ወንጌሉ ነበር።»

«እኔ ግን በአንድ የመረጃ ቋት ውስጥ ‹ድርቅ› ብዬ ብፈልግ ምንም አልመጣልኝም። ‹ረሃብ› አልኩ፤ እሱም የለም።»

«ምን ይምጣ? የተመዘገበው ‹አራቱ ወንጌል› ተብሎ ነዋ።»

ሽማግሌው እዚህ ላይ ድምፃቸው ጠነከረ። ካታሎግ ሠሪ፣ አሉ፣ ተመራማሪ ከመምጣቱ በፊት ምን መጠየቅ እንደሚቻል የሚወስን ሰው ነው። እሱ ያልጻፈው ነገር በመጽሐፉ ውስጥ ቢኖርም ለፈላጊ እንደሌለ ይቆጠራል። በ1868 ከመቅደላ የተዘረፉት ብራናዎች ለንደን ሲገቡ፣ ዊልያም ራይት በ1877 ያሳተመው ካታሎግ ከመጽሐፍ ቅዱስ ተነሥቶ በጸሎትና በድርሳን አልፎ ታሪክ ጋ ይደርሳል። ሰውየው የጠለቀ ሊቅ ነበር። ቅደም ተከተሉ ግን የሥነ መለኮት ተማሪን የሚያግዝ እንጂ የሐኪምን ወይም የዝናብ አጥኚን ጥያቄ አስቦ የተሠራ አይደለም።

«ታዲያ የኮሌጅቪሉ በምን ተለየ?» ብላ ጠየቀች።

በምን እንደተለየ ለማወቅ ሥራውን የሠሩትን ሰው ማወቅ ይገባል። ጌታቸው ኃይሌ በ1931 ሸዋ፣ ሸንኮራ ተወለዱ። ካይሮ ተምረው በ1962 በጀርመን ቱቢንገን ዶክትሬታቸውን ያዙ፤ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። በ1975 የደርግ ወታደሮች በተኮሱባቸው ጥይት ከወገባቸው በታች ሽባ ሆኑ። ለንደን ታክመው በ1976 ሚኒሶታ ገቡና በተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው እነዚያን ፊልሞች ገጽ በገጽ ማንበብ ጀመሩ። የካታሎጉን ሥራ አስቀድሞ የጀመረው ዊልያም ማኮምበር ነበር። የመጀመሪያው ጥራዝ በ1975 ወጣ፤ አሥረኛው፣ እስከ ቁጥር 5000 የሚደርሰው፣ በ1993። በመካከሉ፣ በ1988፣ ጌታቸው የማክአርተር ፋውንዴሽንን ሽልማት ተቀበሉ። እስከ 2021 ዕረፍታቸው ድረስ ሥራቸውን አልተዉም።

«ጥራዞቹን ክፈቻቸው» አሉ ሽማግሌው። «ዋናው ድርሰት ይህ ነው ብለው አያቆሙም። በዚህ ቅጠል ላይ የመሬት ስጦታ፣ በዚያ ቅጠል ላይ የእገሌ ተዝካር፣ በሌላው የድንበር ክርክር እያሉ ይጠቁማሉ። ከአንዱ ብራና ኅዳግ ያገኙትን ስም በሌላው ብራና ሲያዩት ያያይዙታል። ባሕረ ሐሳብን ከታሪክ ማስታወሻ ጋራ አድርገው መጽሐፍ ማሳተማቸው ያለ ምክንያት አይደለም፤ ቀንና ድርጊት መለያየት እንደሌለባቸው ያውቁ ነበር። እንዲህ ያለውን ሥራ ‹የጸሐፊ ሥራ ነው፣ ምርምር አይደለም› የሚሉ አሉ። አይገባኝም።»

ይህን ያሉት በቁጣ ነው። ቁጣው ተገቢ ነው። በዩኒቨርሲቲዎች ለሹመት የሚቆጠረው በመጽሔት የወጣ ጽሑፍ ሆኖ ሳለ፣ ያንን ጽሑፍ የሚቻል ያደረገው የካታሎግ መስመር ብዙ ጊዜ የማንም ሥራ ሆኖ አይታይም።

ኅዳጉን ማንበብ ምን እንደሚያስገኝ ማስረጃው ሩቅ አይደለም። የኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲው ዶናልድ ክራሚ ከኢትዮጵያውያን ባልደረቦቹ ጋር በየአብያተ ክርስቲያናቱ ብራናዎች ላይ የተጻፉትን የርስትና የጉልት ማስታወሻዎች ፎቶ አንሥቶ ሰበሰበ፤ በ2000 ያወጣው የመሬትና የኅብረተሰብ ታሪክ የተገነባው በእነዚያ ላይ ነው። የጎንደር ዘመን የመሬት ሽያጭ ዋጋው በወርቅ ወይም በአሞሌ፣ ከምስክሮቹ ስም ጋር ተጽፎ ይገኛል። ለኢኮኖሚ ታሪክ አጥኚ ይህ የዋጋ መዝገብ ነው፤ ለቤተ ክርስቲያን አገልጋዩ ደግሞ ዳዊት ወይም ወንጌል። ኬይ ሸለመይና ፒተር ጄፍሪ በ1990ዎቹ ባሳተሙት ሥራ የድጓውን ምልክቶች ዕድገት የተከተሉት በየዘመኑ የተጻፉ ብራናዎችን በማነጻጸር ነው። የሒሳብ ታሪክ አዋቂው ኦቶ ኖይገባወር በ1979 የባሕረ ሐሳብ ብራናዎችን አንብቦ፣ በእስክንድርያ የጠፋው ጥንታዊ የፋሲካ ስሌት በግእዝ ተጠብቆ መቆየቱን አሳየ።

«እነሱ ሊቃውንት ናቸው» አለች ተማሪዋ። «ግእዙንም ችለው፣ የት መፈለግ እንዳለባቸውም አውቀው ነው። እኔ የጭቃ ሰው ነኝ። ለእኔ ዓይነቱ ምን ተሠራ?»

ሽማግሌው ከመመለሳቸው በፊት ወደ ራሳቸው የልጅነት ትምህርት ሄዱ። በአብነት ትምህርት ቤት፣ አሉ፣ እውቀት የሚደረደረው በሰውና በቦታ ነው። ድጓ ለማስመስከር ቤተልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕት ለመማር ዙር አምባ፣ ቅኔ ደግሞ ዋሸራ ወይም ጎንጅ ወይም ዋድላ። መጻሕፍቱ አራት ጉባኤ ናቸው፦ ብሉይ፣ ሐዲስ፣ ሊቃውንት፣ መነኮሳት። አራቱንም የያዘ አራት ዐይና ይባላል። ተማሪው ከመምህር ወደ መምህር በእግሩ ሲዞር ዘርፎቹን የሚያገናኛቸው እሱ ራሱ ነው።

«ያ መልካም ነው» አለቻቸው፤ «መምህሩ ሲያርፉ ግን ማገናኛው አብሮ ይቀበራል።»

«እሱ እውነት ነው፤ አልከራከርሽም። የዚህ አገር መንገድ ደግሞ ሌላ ችግር አለበት። ሜልቪል ዱዊ በ1876 እውቀትን ሁሉ በአሥር ክፍል ከፈለው። ብዙዎቹ የአሜሪካ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት አሁንም በሱ ነው የሚሄዱት። ሃይማኖት 200፣ ሕክምና 610፣ ሙዚቃ 780፣ የኢትዮጵያ ታሪክ 963። አንድ መጽሐፍ በአንድ ጊዜ በሁለት መደርደሪያ ላይ አይቆምም። የደብረ ሐይቅ ወንጌል 200ዎቹ ውስጥ ከገባ ዝናብሽ እዚያው ተዘግቶበት ቀረ። ይህን አጥብቆ ያሰበበት የማድራሱ ራንጋናታን ነው፤ ሙያው ሒሳብ ነበር። በ1933 ባወጣው ምደባ መጽሐፉን በአንድ ስም ከመጥራት ይልቅ፣ ስለ ማን ወይም ስለ ምን ነው፣ ከምን የተሠራ ነው፣ ምን ሲደረግ ነው፣ የት ነው፣ መቼ ነው ብሎ በአምስት ወገን መዘገበው። ፈላጊ በፈለገው ወገን ይገባል። አንቺ በ‹የት› እና በ‹መቼ› ትገቢያለሽ፤ የዜማው ሰው በሌላ በር።»

ተማሪዋ ራንጋናታንን አታውቀውም ነበር፤ በምትኩ የምታውቀውን አመጣች። በ1986 የቺካጎው ዶን ስዋንሰን ሁለት የሕክምና ጽሑፎች ክምር አነበበ። አንዱ ክምር የዓሣ ዘይት የደምን ውፍረት እንደሚቀንስ ይናገራል። ሌላው፣ በብርድ ጊዜ የጣት ደም ሥሮች የሚጠብቡበት ሬይኖ የሚባለው በሽታ ያለባቸው ሰዎች ደማቸው የወፈረ እንደሚሆን ይናገራል። የሁለቱ ክምር ጸሐፊዎች አንዱ የሌላውን አይጠቅስም። ስዋንሰን ሐኪም አልነበረም፤ የመረጃ አደረጃጀት ባለሙያ ነበር። ሁለቱን አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ፣ የዓሣ ዘይት ለበሽታው ይረዳ ይሆናል ብሎ ጻፈ። ግምቱን በኋላ የሕክምና ሙከራ ደገፈው።

«ሁሉም ታትሞ፣ ሁሉም በመደርደሪያ ላይ ሆኖ፣ ማንም አላየውም ነበር» አለች። «እኔ የምፈልገውም ይህንኑ ነው። ኖራው ‹እዚህ ጋ ደርቋል› ሲለኝ፣ ኅዳጉ ደግሞ ‹በዚህ ንጉሥ ዘመን እህል ጠፋ› ካለ፣ ሁለቱ ባይተዋወቁም ላስተዋውቃቸው።»

ምሳሌው ከሜፕልዉድ ሳይወጡም ይገኛል። የ3ኤም ኩባንያ ዋና መሥሪያ ቤት እዚሁ ከተማ ነው። በ1968 ኬሚስቱ ስፔንሰር ሲልቨር በደንብ የማይጣበቅ ሙጫ አገኘ፤ ለምን እንደሚጠቅም ስላልታወቀ ለዓመታት በኩባንያው ውስጥ ላሉ ባልደረቦቹ ሲያስረዳ ኖረ። በ1974 አርት ፍራይ የተባለ ሌላ ሠራተኛ፣ በቤተ ክርስቲያን መዝሙር ሲዘምር የመዝሙር መጽሐፉ ምልክት ወረቀት እየወደቀ ሲያስቸግረው፣ ያ ሙጫ ትዝ አለው። ዛሬ በየቢሮው የምናያት ተለጣፊ ወረቀት በመላው አሜሪካ ለገበያ የቀረበችው በ1980 ነው። ኩባንያው ከ1951 ጀምሮ የየክፍሉ ባለሙያዎች ሥራቸውን እርስ በርስ የሚያሳዩበት የቴክኒክ መድረክ ነበረው፤ ፍራይ ስለ ሙጫው አስቀድሞ ሰምቶ የነበረው እንዲህ ያለው ልማድ ስለነበረ ነው።

ከዚያ ክርክሩ ተነሣ። ተማሪዋ መፍትሔው ማሽን ነው ትላለች። የእጅ ጽሑፍን፣ ግእዝንም ጭምር፣ ወደ ፊደል የሚለውጡ ፕሮግራሞች መጥተዋል። የ9,000ው ብራና ገጽ ሁሉ ከተነበበ ማንም ሰው ‹ዝናም› ብሎ ይፈልጋል፤ ካታሎግ ሠሪ መጠበቅ አያስፈልግም።

«ፈልጊ እንግዲህ» አሉ። «ሀ፣ ሐ እና ኀ ሦስት ናቸው፤ ጸሐፊዎቹ ደግሞ ያቀያይሯቸዋል። አንዱን ብትጽፊ ሁለቱ ያመልጡሻል።»

«እሱ ቀላል ነው፤ ማሽኑን ሦስቱን እንደ አንድ ቁጠር ማለት ይቻላል።»

«እሺ። ‹ደብረ ሊባኖስ› የሚል አገኘሽ። የሸዋው ነው ወይስ ኤርትራ ያለው የሺመዛናው? ሁለቱን ካምታታሽ ዝናቡን ስንት መቶ ኪሎ ሜትር ወሰድሽው? ‹በዘመነ ማርቆስ ረሃብ ሆነ› የሚል አገኘሽ። ዘመነ ማርቆስ በየአራት ዓመቱ ይመለሳል። ‹በዓመተ ምሕረት› ይልና ቁጥር ይሰጥሻል፤ የድሮዎቹ ጸሐፊዎች ግን ብዙ ጊዜ የሚቆጥሩት በ532 ዓመት ዐቢይ ቀመር ውስጥ ነው። ቀመሩን ካላወቅሽ ድርቁን ከአምስት መቶ ዓመት በላይ ከቦታው ታነሺዋለሽ። የንጉሡን ስም፣ ፀሐይና ጨረቃውን፣ አበቅቴውን አገናዝቦ ቀኑን የሚያወጣልሽ ባሕረ ሐሳብ የተማረ ሰው ነው።»

ይህን ስትሰማ ዝም አለች። ለደለል አጥኚ የ532 ዓመት ስሕተት ሙሉ ጥናት ያበላሻል። በበኩሏ እሳቸውንም ያዘቻቸው፦ ኮሌጅቪል የታተሙት ጥራዞች 5,000 ብራና ላይ ከቆሙ፣ የቀሩትን በሺህ የሚቆጠሩ በድሮው ፍጥነት ማንበብ የአንድ ሰው ዕድሜ አይበቃውም። ማሽኑ ዝናብ የሚመስለውን ገጽ ይጠቁም፤ ሰው ይፍረድ። በዚህ ሽማግሌው ተስማሙ። ጀርመን አገር ሐምቡርግ ውስጥ፣ አሌሳንድሮ ባውሲ የሚመሩት ‹ቤተ መጻሕፍት› የተባለ ፕሮጀክት ከ2016 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የግእዝ ድርሰት፣ ለእያንዳንዱ ሰውና ቦታ የራሱን መለያ እየሰጠ እንደሆነ ጠቀሱላት። ሁለቱ ደብረ ሊባኖሶች ሁለት መለያ ካላቸው ማሽኑም አይስትም።

«መለያ ለስምም ያስፈልጋል» ብለው ጨመሩ። «ፕሮፌሰር ጌታቸውን በአንድ ቦታ በ‹ጌ›፣ በሌላው የአባታቸውን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ቆጥረው በ‹ኃ› ታገኚያቸዋለሽ። አንድ ሰው ሁለት ሆኑ።»

መረጃ ሁሉ ግን በብራና ላይ አይደለም፤ ይህን ያነሣችው ተማሪዋ ናት። አክሊሉ ለማ በ1964 አድዋ ላይ ያዩትን ማንም መጽሐፍ አልነገራቸውም። ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ ዝቅ ብሎ ቀንድ አውጣዎች ሞተው ነበር፤ ቀንድ አውጣዎቹ የቢልሃርዚያ ተሸካሚዎች ናቸው። የአጣቢዎቹ እውቀት፣ የዕፅዋት ጥናትና የሕክምና ጥናት የተገናኙት እዚያ ወንዝ ዳር ነው። ከሩብ ምዕተ ዓመት በኋላ ያው እንዶድ በሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ላይ በተስፋፋው ዜብራ መስል በሚባለው ባለ ዛጎል ተባይ ላይ ተሞከረ። ተባዩ በ1989 ሚኒሶታም ደርሶ ነበር። የፈጠራ መብቱን ግን ያስመዘገበው የኦሃዮው የቶሌዶ ዩኒቨርሲቲ ነው፤ ይህም ብዙ ተቃውሞ አስነሣ።

«ለዚህ ነው ጋሼ፣ ምዝገባው ላይ የምንጩ ባለቤት ስም ይኑር የምለው። ገዳሙ፣ መንደሩ፣ አንባቢው። ዝናቡን ካገኘሁ ‹ምንጭ፦ የመረጃ ቋት› ብዬ መጻፍ አልፈልግም።»

«ይኑር እንጂ! ግእዙም እንዳለ ይኑር። ትርጉምሽን ብቻ ጽፈሽ እንዳታልፊ፤ የሚመጣው ሰው እንደገና ማንበብ አለበት።»

ወረቀት አውጥታ ጻፈች፦ የብራናው ቁጥርና ቅጠሉ፤ ቦታው ከነኬክሮስና ኬንትሮሱ፣ የደለሉ ናሙና የሚመዘገብበትን መንገድ ተከትሎ፤ ቀኑ ጸሐፊው እንደጻፈው፣ ቀጥሎ በሁለቱም አቆጣጠር ተመልሶ፤ የንጉሡ ስም፤ የተነገረው ነገር፣ ዝናብ፣ በረዶ፣ አንበጣ፣ የእህል ዋጋ፣ የከብት እልቂት፤ ቀኑ ምን ያህል አስተማማኝ እንደሆነ፤ ያነበበው ሰው።

የት ይጀመር የሚለው ግን አላስማማቸውም። እሷ ካታሎግ ካልተሠራላቸው፣ ከ5000 በላይ ካሉት ነው የምትለው፤ ማንም ያልነካው እዚያ ነው። እሳቸው ከሐይቅ እስጢፋኖስ ብራናዎች ይላሉ፤ የደለሉ ጥናት አስቀድሞ ስላለ፣ የሁለቱ መዛመድና አለመዛመድ ቶሎ የሚታየው እዚያ ነው።

«ባይዛመዱስ?» አለች።

«ያኔ ወይ የእኛ ቀን ተሳስቷል፣ ወይ የእናንተ ጥልቀት» አሉ። «የትኛው እንደሆነ ለማወቅ እኔ ባሕረ ሐሳቡን እንደገና አስላለሁ፤ አንቺ ደግሞ ደለሉን እንደገና ትለኪያለሽ።»